«ኔትወርክ የለም» ሲባል የሌለው የቱ ነው? ዛቢክስ 7.0 ለቅርንጫፍ ቢሮዎች

ደብረ ብርሃን ላይ ተቀምጦ የመሐል ሜዳን፣ የዓለም ከተማንና የሸዋ ሮቢትን ቅርንጫፎች የሚጠብቅ የአይቲ ባለሙያ «ኔትወርክ የለም» የሚል ስልክ ሳይሰማ የሚውልበት ቀን ጥቂት ነው። ደዋዩ አልዋሸም፤ የነገረን ግን ግማሹን ነው። መብራት ሄዶ ይሆናል። መስመሩ ተቆርጦ ይሆናል። ስዊቹ ደርቆ ይሆናል። ወይም የራውተሩ ሶኬት ተነቅሎ የማን እንደሆነ ያልታወቀ ስልክ ቻርጅ እየተደረገበት ይሆናል። መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር የምንተክለው እነዚህን ለይቶ እንዲነግረን ነው፤ ቀይና አረንጓዴ ለማየትማ ፒንግ የሚያደርግ አንድ መስኮት ይበቃ ነበር።

ይህ ጽሑፍ ዛቢክስ በሚባለው የኔትወርክ መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር 6.0 እትም ላይ ሆናችሁ ወደ 7.0 ለመሻገር ለምታመነቱ ነው። 7.0 የወጣው ግንቦት 27 ቀን 2016 ዓ.ም. ሲሆን የረጅም ጊዜ ድጋፍ ካላቸው እትሞች አንዱ ነው፤ ሙሉ ድጋፉ እስከ ሰኔ 2019 ዓ.ም. ይዘልቃል። የ6.0 ሙሉ ድጋፍ የካቲት 21 ቀን 2017 ዓ.ም. አብቅቷል፤ ከዚያ ወዲህ እስከ የካቲት 2019 ዓ.ም. የሚወጡለት የደህንነትና የከባድ ስህተት ጥገናዎች ብቻ ናቸው። ከ7.0 በኋላ የመጡት 7.2 እና 7.4 የድጋፍ ዕድሜያቸው አጭር ስለሆነ፣ በየስድስት ወሩ አፕግሬድ የማድረግ ትርፍ ጊዜ ለሌለው ቢሮ አልመክራቸውም።

ባትሻገሩም የማይታለፍ ጥገና

ወደ 7.0 ባትሄዱ እንኳ ካላችሁበት 6.0 ውስጥ ቁጥሩን እዩ። ከ6.0.0 እስከ 6.0.31፣ ከ6.4.0 እስከ 6.4.16፣ እንዲሁም ራሱ 7.0.0 አደገኛ ቀዳዳ አለባቸው፤ ሲቪኢ በሚባለው የደህንነት ቀዳዳዎች መዝገብ መለያ ቁጥሩ 2024-42327 ነው፣ የክብደት ነጥቡም ከ10 ላይ 9.9። የተዘጋው በ6.0.32፣ በ6.4.17 እና በ7.0.1 ነው። ችግሩ የተጠቃሚዎችን ዝርዝር በሚያመጣው የኤፒአይ (ሌሎች ፕሮግራሞች ከዛቢክስ ጋር የሚነጋገሩበት በር) ጥያቄ ውስጥ የኤስኪውኤል (የዳታቤዝ ቋንቋ) ትዕዛዝ አሾልኮ ማስገባት መቻሉ ነው። አድሚን መሆን አያስፈልግም፤ ኤፒአይ የተፈቀደለት ተራ አካውንት ይበቃል፣ መደበኛው የተጠቃሚ ሚና ደግሞ ኤፒአይን ከመጀመሪያው ፈቅዶ ነው የሚመጣው።

ለጠላፊ የተመቸ ቦታ ላይ ያለነው እኛ ነን። በብዙ ቢሮ ለቅርንጫፍ ኃላፊዎች «ማየት ብቻ» ተብሎ አንድ የጋራ አካውንት ይሰጣል፤ ፓስወርዱ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ይገኛል። ዛሬውኑ ወደ ዩዘር ሮልስ ገብታችሁ በዚያ አካውንት ሚና ላይ የኤፒአይ ፈቃዱን አጥፉ። ግራፍ ለማየት ኤፒአይ አያስፈልግም። አፕዴቱ ግን አሁንም ግዴታ ነው።

ትልቁ ለውጥ፦ መልስ ቆሞ አለመጠበቅ

በ6.0 ፖለር የሚባለው ፕሮሰስ አንድ ስዊች በኤስኤንኤምፒ (የኔትወርክ ዕቃዎች ሁኔታቸውን በሚናገሩበት ቋንቋ) ይጠይቅና መልሱ እስኪመጣ እጁን አጣጥፎ ይቆማል። መደበኛው ቁጥር 5 ፖለር ነው። ሁሉም ሰላም ሲሆን አይታወቅም። አሁን ሸዋ ሮቢት ላይ መብራት ሄደ እንበል፣ 30 ስዊችና አክሰስ ፖይንት አንድ ላይ ዝም አሉ። መልስ ያልሰጠ ዕቃ ከተራው ወጥቶ ላልተገኙት ወደተመደበው ፖለር ይዛወራል፤ ያ ደግሞ ካልተነካ ቁጥሩ 1 ነው። ለአንዱ 4 ሰከንድ ቢጠብቅ፣ 30ውን አንድ ዙር ለመዞር 120 ሰከንድ ይፈጅበታል። መብራት መጥቶ ሰው ሥራ ከጀመረ በኋላም ስክሪኑ ላይ ቀይ ሆኖ የሚቆየው ለዚህ ነው። «ሶፍትዌራችሁ ውሸታም ነው» የሚባለውም ከዚህ ይመጣል።

7.0 ለኤስኤንኤምፒ፣ ለኤጀንትና ለኤችቲቲፒ ጥያቄዎች አዲስ ዓይነት ፖለር አምጥቷል። አንዱ ፕሮሰስ ጥያቄውን ልኮ ሳይጠብቅ ወደሚቀጥለው ያልፋል፤ መልስ ሲመጣ ይቀበላል። በአንድ ጊዜ እስከ 1000 ጥያቄ በእጁ ይዞ መቆየት ይችላል። 30 ስዊች ቢጠፋ አንዱ ሌላውን አያግድም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አዲሱ የኤስኤንኤምፒ ፖለር የሚሠራው ጥያቄያቸው በአዲሱ አጻጻፍ፣ ማለትም «ዎክ» ወይም «ጌት» ተብሎ ቅንፍ ውስጥ በተጻፈ ኦአይዲ (የሚጠየቀውን ነገር የሚለይ ረጅም ቁጥር) ለተሠሩ አይተሞች (ዛቢክስ የሚያነባቸው ነጠላ መለኪያዎች) ብቻ ነው። ኦአይዲው ብቻውን የተጻፈባቸው የድሮ አይተሞች በድሮው ፖለር፣ በድሮው ዘገምተኝነት ይቀጥላሉ። ሰርቨሩን አፕግሬድ ስታደርጉ ደግሞ ቴምፕሌቶቻችሁ (ለአንድ ዓይነት ዕቃ የተዘጋጁ የአይተምና የማንቂያ ስብስቦች) አብረው አይለወጡም። 7.0 ጭኖ «ምንም ለውጥ የለውም» የሚል ሰው ካለ፣ መጀመሪያ የሚጠየቀው ቴምፕሌቱን ቀይሮ እንደሆነ ነው።

አዲሱን ቴምፕሌት ስታስገቡ በአንድ ስዊች ላይ ሞክሩ። ኢምፖርት መስኮቱ ላይ በአዲሱ ፋይል ውስጥ የሌለውን እንዲሰርዝ የሚያዝ አማራጭ አለ፤ እሱን ምልክት ካደረጋችሁ በእጃችሁ የጨመራችኋቸው አይተሞች ከነታሪካቸው ይጠፋሉ። የድሮውን ቴምፕሌት በሌላ ስም ኮፒ አድርጎ ማስቀመጥ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።

የዎክ ጥቅም ሰንጠረዡን ሁሉ ባንዴ ማምጣቱ ነው። የመጣውን ጽሑፍ ሰርቨሩ ራሱ እየቆራረጠ ለየፖርቱ ያድለዋል፤ ስዊቹ ደጋግሞ አይነዘነዝም። በአንድ ፓኬት ስንት መስመር እንደሚመጣ የሚወስነው ማክስ ሪፒቲሽን የሚባል ቁጥር ሲሆን መደበኛው 10 ነው። 48 ፖርት ያለው ስዊች ላይ 10 ዓምድ ብትጠይቁ፣ ለአንዱ ዓምድ 5 ጊዜ፣ በጠቅላላው 50 ጊዜ ሄዶ መመለስ ይሆናል። ደርሶ መልሱ 20 ሚሊ ሰከንድ በሆነ ፋይበር ላይ አንድ ሰከንድ ነው፤ ማንም አያስተውለውም። ቅርንጫፉ በሳተላይት ከሆነና ደርሶ መልሱ 600 ሚሊ ሰከንድ ከሆነ ግን 30 ሰከንድ ነው። ቁጥሩን ወደ 25 ስታሳድጉ ለአንዱ ዓምድ 2 ጊዜ ስለሚበቃ 20 ጊዜ፣ 12 ሰከንድ ይሆናል። 100 ማድረግ የለባችሁም፤ መልሱ ከአንድ ፓኬት በላይ ሆኖ ሲቆራረጥ አንዳንድ ፋየርዎል ቁራጮቹን ይጥላቸዋል፣ ርካሽ ስዊች ደግሞ መልስ መስጠቱን ራሱ ይተወዋል። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ ነጠላ ጥያቄ ይሠራል፣ ዎክ ግን ሁልጊዜ ታይምአውት (የመጠበቂያ ጊዜ አለቀ) ይላል። ያን ጊዜ ቁጥሩን ቀንሱ። አንደኛው የኤስኤንኤምፒ እትም ላይ ይህ ቁጥር አይሠራም፤ በጅምላ መጠየቅ የተጀመረው ከሁለተኛው ነው።

የታይምአውት ነገርም ተሻሽሏል። በ6.0 ለመላው ሰርቨር አንድ ቁጥር ነበር፣ ጣሪያውም 30 ሰከንድ። ለሳተላይቱ ብላችሁ ስታሳድጉ የከተማው ሁሉ አብሮ ይዘገይ ነበር። አሁን ለእያንዳንዱ አይተም ከ1 እስከ 600 ሰከንድ ይሰጣል፤ ለአንድ ፕሮክሲ (ቅርንጫፍ ላይ ተቀምጦ ለዋናው ሰርቨር ንባብ ለሚሰበስብ ረዳት) ብቻ ለይቶ መስጠትም ይቻላል። የጠቅላላው ቁጥር አድሚኒስትሬሽን ውስጥ ጀነራል፣ ከዚያ ታይምአውትስ የሚለው ጋ ነው።

ቴምፕሌት ስትነኩ የፖርት ቆጣሪውንም ተመልከቱ። ባለ 32 ቢት ቆጣሪ 4,294,967,296 ባይት ላይ ሲደርስ ወደ ዜሮ ይመለሳል። 100 ሜጋ ቢት ሙሉ በሙሉ ሲሠራ ይህ 343 ሰከንድ ይፈጃል፤ በጊጋ ቢት 34 ሰከንድ ብቻ። በየአምስት ደቂቃው የሚጠይቅ ሶፍትዌር፣ ሊብሬኤንኤምኤስ ለምሳሌ፣ በጊጋ ቢት ፖርት ላይ በ32 ቢት ቢቆጥር በመሐል ስምንት ጊዜ የዞረ ቆጣሪ ነው የሚያነበው። ግራፉ መሀል መሀሉን የሚወድቅ ከሆነ ባለ 64 ቢቱን ቆጣሪ ተጠቀሙ፤ እሱም ከሁለተኛው እትም ጀምሮ ነው ያለው።

ፕሮክሲ፦ አንድ ሰዓት ብቻ የሚያስታውስ ታዛቢ

ቅርንጫፍ ላይ ፕሮክሲ የምናስቀምጠው መስመር ሲቆረጥ እዚያው ሆኖ መመልከቱን እንዲቀጥልና መስመር ሲመጣ ያየውን እንዲያወራ ነው። ግን በኮንፊግ ፋይሉ ውስጥ «ፕሮክሲ ኦፍላይን በፈር» የሚለው መደበኛ ቁጥሩ 1 ነው፤ 1 ሰዓት። ከጣርማ በር ወዲያ ያለ መስመር ከጠዋት እስከ ማታ ተቆርጦ ቢውል፣ ፕሮክሲው የሚያወራው የመጨረሻዋን አንድ ሰዓት ብቻ ነው። ቀሪውን ጥሎታል። ቁጥሩ እስከ 720 ሰዓት ይፈቅዳል። 72 አድርጉት። 400 አይተም በየደቂቃው ቢነበብ በ72 ሰዓት 1,728,000 ንባብ ነው፤ አንዱ 100 ባይት ቢይዝ 170 ሜጋ ባይት ገደማ። ይህን የማይችል ዲስክ የለም።

7.0 በዚህ ላይ የጨመረው ንባቡን በሚሞሪ መያዝን ነው። ሦስት አማራጭ አለ፦ ዲስክ፣ ሚሞሪ፣ ሃይብሪድ። አዲስ ስትጭኑ ሃይብሪድ ሆኖ ይመጣል፤ ከድሮ አፕግሬድ ስታደርጉ ግን የድሮው ኮንፊግ ስለሚቀጥል ዲስክ ላይ ይቀራል። ሃይብሪድ በሚሞሪ ይይዛል፣ ሲሞላ ወይም ፕሮክሲው በሥርዓት ሲዘጋ ወደ ዲስክ ይገለብጣል። ፍጥነቱ ጥሩ ነው፣ ሜሞሪ ካርድ ላይ የሚሠራ ፕሮክሲም በመጻፍ ብዛት አይሞትም። ሚሞሪ ብቻ የሚለውን ግን እዚህ አካባቢ ማንም እንዲመርጠው አልፈልግም፤ መብራት ድንገት ሲሄድ በሚሞሪ ያለው ሁሉ አብሮ ይሄዳል፣ ኦፍላይን በፈር የሚለው ቁጥርም አያገለግለውም። ሃይብሪድም ቢሆን ድርግም ሲል ገና ያልገለበጠውን ያጣል። ስለዚህ ለፕሮክሲው ቢያንስ በሥርዓት የሚዘጋበት ያህል ጊዜ የሚሰጥ ትንሽ ዩፒኤስ ያስፈልጋል፤ ዩፒኤስ ከሌለ ዲስክ ይሻላል።

የተቆረጠ መስመር ሲመለስ ሌላ ነገር ይከተላል። ፕሮክሲው የስድስት ሰዓት ንባብ ባንዴ ሲያራግፍ፣ ሰርቨሩ በየንባቡ ሰዓት ትሪገሮችን (ችግር መፈጠሩን የሚወስኑ ሕጎችን) ያሰላል። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ተፈጥሮ 3:20 ላይ የተፈታ ችግር ማታ ላይ ቴሌግራም ግሩፑን ያጥለቀልቀዋል። መከላከያው አክሽኑ (ችግር ሲፈጠር መልእክት የሚልከው ቅንብር) ላይ መልእክቱን ከመጀመሪያው እርምጃ አውጥቶ ሁለተኛው ላይ ማድረግና የእርምጃውን ርዝመት 5 ደቂቃ መስጠት ነው። ራሱ የተፈታ ችግር እስከ ሁለተኛው እርምጃ ስለማይደርስ መልእክት አይወጣም።

ስለ ሰዓት አንድ ነገር። ለፕሮክሲ የምንጠቀምበት ራስበሪ ፓይ 4 የሚባል ትንሽ ኮምፒውተር ሲጠፋ ሰዓት የሚይዝለት ባትሪ የለውም። መብራት መጥቶ መስመር ገና ካልመጣ ሰዓቱን የሚጠይቀው ሰርቨር አያገኝም፤ ከመጥፋቱ በፊት ከነበረው ሰዓት ይቀጥላል። የዛሬውን ንባብ በትናንት ሰዓት ይጽፈዋል፣ ግራፉም ይምታታል። ሁለት መውጫ አለ፦ ዲኤስ 3231 የምትባለውን የሰዓት ሞጁል መሰካት፣ ወይም ያገለገለ ሚኒ ፒሲ መጠቀም። ሚኒ ፒሲውም ላይ ባዮሱ ሰዓት ረስቶ የሚነሳ ከሆነ ክብ የሆነችው ሲአር 2032 ባትሪ አልቃለች ማለት ነው፤ ቀይሯት። ይኸው የሰዓት መዛባት 7.0 ላይ አዲስ የመጣውን ባለ ሁለት ደረጃ መግቢያም ያበላሻል፤ ስልክ ላይ የምትወጣው ኮድ በ30 ሰከንድ ስለምትለወጥ የሰርቨሩ ሰዓት ሲሳሳት ትክክለኛውን ኮድ «ስህተት» ይላችኋል።

ፕሮክሲዎችን በቡድን አደራጅቶ አንዱ ሲወድቅ ሌላው እንዲተካው ማድረግም የ7.0 አዲስ ነገር ነው። በአንድ ሕንፃ ላሉ ሁለት ፕሮክሲዎች ደህና ነው። የመሐል ሜዳንና የደብረ ብርሃንን ፕሮክሲ አንድ ቡድን ማድረግ ግን ስህተት ነው። መስመር ሲቆረጥ፣ ካልቀየራችሁት በ1 ደቂቃ ውስጥ፣ የመሐል ሜዳ ዕቃዎች ለደብረ ብርሃኑ ይሰጣሉ፤ እሱም በዚያው በተቆረጠው መስመር ሊጠይቃቸው ሞክሮ ሁሉንም የሞቱ ያደርጋቸዋል። ቅርንጫፍ ለቅርንጫፍ አንድ ፕሮክሲ፣ ያለ ቡድን።

መብራት ነው ወይስ መስመር?

ወደ መነሻችን እንመለስ። አንድ ቅርንጫፍ ጠፍቶ ሲመለስ ምክንያቱን ለማወቅ የሚበቃ መረጃ ስዊቹ ራሱ ውስጥ አለ፤ ከተነሳ ስንት ጊዜ እንደሆነው። ቅርንጫፉ ከ10:10 እስከ 11:40፣ ማለትም 90 ደቂቃ ጠፋ እንበል። ሲመለስ ስዊቹ «ከተነሳሁ 23 ቀን ሆነኝ» ካለ መብራት አልሄደበትም፤ የተቆረጠው መስመሩ ነው፤ ስልክ የሚደወለው መስመሩን ለሚያቀርበው ነው። «4 ደቂቃ» ካለ ጠፍቶ ነበር። ጎረቤቶቹን እዩ፤ ሁሉም 4 ደቂቃ ካሉ መብራት ነው። እሱ ብቻ ከሆነ አዳፕተሩ፣ ሶኬቱ ወይም ያ ቻርጀር ነው። ራውተሩ 23 ቀን፣ ስዊቹ 4 ደቂቃ ካለ ደግሞ ራውተሩ ዩፒኤስ ላይ ተሰክቷል፣ ስዊቹ ግን ተረስቷል ማለት ነው። ይህ የመጨረሻው ከምታስቡት በላይ ይገኛል፤ ለጥገናውም አንድ የማከፋፈያ ገመድ ይበቃል።

ይህን በእጅ ከማየት በትሪገር ማድረግ ይቻላል። ዕቃው ከተነሳ ከ10 ደቂቃ በታች ከሆነ «ኃይል ተቋርጦ ነበር» የሚል የማስታወሻ ደረጃ ያለው ትሪገር፣ መለያው ላይ «ምክንያት፦ ኃይል» ተብሎ። በወሩ መጨረሻ በመለያ ስታጣሩ የመብራቱና የመስመሩ መቋረጥ ተለይቶ ይወጣል። በቀን ሦስት አራት ጊዜ የሚነሳ ስዊች፣ መብራት ሳይሄድ፣ ብዙውን ጊዜ የቮልቴጅ መውረድ ነው፤ አምፖሉ ደብዘዝ ብሎ ይበራል፣ ስዊቹ ግን ይነሳል። ዩፒኤስ ሳይሆን ስታብላይዘር ነው የጎደለው።

የተነሳበትን ጊዜ የሚነግረው የተለመደው ኦአይዲ 1.3.6.1.2.1.1.3.0 ነው። የሚቆጥረው በሰከንድ መቶኛ ስለሆነ 497 ቀን ሲሞላው ወደ ዜሮ ይመለሳል፤ ሳይነሳ «ተነሳሁ» ይላል። እኛ ጋ 497 ቀን ሳይጠፋ የቆየ ስዊች ካለ ሽልማት ይገባዋል፣ ግን ጥሩ ዩፒኤስና ጄነሬተር ያለው የሰርቨር ክፍል ውስጥ ይህ የሐሰት ማንቂያ ሰውን ያስደነግጣል።

ዩፒኤሱ የኔትወርክ ካርድ ካለው ሳይጠፋ በፊት ይናገራል። መደበኛውን የዩፒኤስ ሰንጠረዥ የሚከተል ከሆነ 1.3.6.1.2.1.33.1.4.1.0 ኃይሉ ከየት እየመጣ እንደሆነ ይመልሳል፦ 3 ከመስመር፣ 5 ከባትሪ፣ 2 ምንም የለም። 1.3.6.1.2.1.33.1.2.3.0 ደግሞ የቀረውን ደቂቃ ይገምታል። 5 ሆኖ ለ2 ደቂቃ ከቆየ ማስጠንቀቂያ፣ የቀረው ከ10 ደቂቃ ካነሰ ከባድ ማንቂያ አድርጉ። ግምቱን ግን አትመኑት፤ ያረጀ ባትሪ 25 ደቂቃ ብሎ በ3 ደቂቃ ድርግም ይላል። ካርድ የሌለው ርካሽ ዩፒኤስ በዩኤስቢ ከፕሮክሲው ጋር ተገናኝቶ ኔትወርክ ዩፒኤስ ቱልስ በሚባለው ነጻ ሶፍትዌር ሊነበብ ይችላል።

ከዚያ የትሪገር ጥገኝነትን ሥሩ። ስዊቹ በራውተሩ ላይ፣ ካሜራው በስዊቹ ላይ ይንጠልጠል። ራውተሩ ሲጠፋ አንድ መልእክት ይመጣል እንጂ 31 አይመጣም።

ስለ ባትሪ ካነሳን ዘንድ፣ የሙቀት ገደብ ለሁሉም ቅርንጫፍ አንድ መሆን የለበትም። ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ናት፣ ሸዋ ሮቢት ቆላ ናት። ቴምፕሌቱ ላይ ገደቡን በማክሮ (በየዕቃው ሊቀየር በሚችል መጠሪያ) ጻፉትና በየዕቃው ላይ ለውጡት። ለሸዋ ሮቢት የሚስማማ 45 ዲግሪ ደብረ ብርሃን ላይ ፋን የቆመበትን ስዊች ውርጩ ሸፍኖለት ሳይታይ ያሳልፈዋል፤ እዚያ 35 በቂ ነው። የዩፒኤስ ባትሪም ሙቀት አይወድም፤ ከ25 ዲግሪ በላይ በየ10 ዲግሪው ዕድሜው በግማሽ ገደማ ያጥራል፣ ስለዚህ የቆላውን ባትሪ ከደጋው ቀድማችሁ ለመቀየር በጀት ያዙ።

ፒንግ ላይም አንድ ወጥመድ አለ። ዛቢክስ ካልነገራችሁት 3 ፓኬት ነው የሚልከው። የጠፋው መቶኛ 0፣ 33፣ 67 ወይም 100 ብቻ ሊሆን ይችላል፤ «ከ20 በመቶ በላይ ሲጠፋ» የሚል ትሪገር አንዲት ፓኬት ስትጠፋ ይጮኻል። 10 ፓኬት አድርጉት፣ በ5 ደቂቃ አማካይ ላይ 20 በመቶ ሲያልፍ ይነሳ፣ ሲፈታ ደግሞ በ10 ደቂቃ አማካይ ከ5 በመቶ በታች ሲሆን ይፈታ። በሬዲዮ የሚሄድ መስመር ላይ ይህ ልዩነት ከሌለ ማንቂያው ሌሊቱን ሁሉ ሲበራና ሲጠፋ ያድራል። ጣርማ በር ላይ ጉም ሲወርድ ሁሉም ጉሙን ይከሳል፤ በ5 ጊጋ ኸርዝ ሬዲዮ ላይ ግን ጉም የሚያደርሰው ጉዳት እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ከጉሙ ጋር የመጣው እርጥበት በደንብ ያልታሸገ ኮኔክተር ውስጥ መግባቱን ወይም የሶላር ባትሪው መዳከሙን ፈትሹ።

አፕግሬዱ ራሱ

7.0 ቢያንስ ፒኤችፒ 8.0፣ ማይኤስኪውኤል ከሆነ 8.0.30፣ ማሪያዲቢ ከሆነ 10.5 ይፈልጋል። ኡቡንቱ 20.04 ይዞት የሚመጣው ፒኤችፒ 7.4 እና ማሪያዲቢ 10.3 ስለሆነ መጀመሪያ ኡቡንቱውን ወደ 22.04 አሳድጉ። የኮንፊግ ፎልደሩን ኮፒ አድርጉ፣ ዳታቤዙን ባክአፕ ያዙ፤ ቦታ ካነሰ የሂስትሪና የትሬንድ ሰንጠረዦችን (ያለፉ ንባቦችና የየሰዓቱ ማጠቃለያቸው) ትታችሁ ቀሪውን ብቻ። ሰርቨሩን አቁሙ፣ አዲሱን ፓኬጅ ጫኑ፣ አስነሱ፣ ሎጉን ተመልከቱ። ዳታቤዙን ሰርቨሩ ራሱ ነው የሚቀይረው፣ በመቶኛ እየቆጠረ። ማይኤስኪውኤል ላይ ፈንክሽን መፍጠር አልተፈቀደም ብሎ ከቆመ ሎግ ቢን ትረስት ፈንክሽን ክሪኤተርስ የሚለውን 1 አድርጋችሁ አስነሱ፣ ሲያልቅ ወደ 0 መልሱ።

በዚያ መሀል መብራት መሄድ የለበትም። ማይኤስኪውኤል የሰንጠረዥ ለውጥን ግማሽ ላይ ሲቋረጥ ወደ ኋላ አይመልስም፤ ግማሽ 6.0 ግማሽ 7.0 የሆነ ዳታቤዝ ይዛችሁ ትቀራላችሁ፣ ከባክአፕ መመለስ ብቻ ነው መፍትሔው። ጄነሬተሩ ነዳጅ እንዳለው በዓይናችሁ አይታችሁ ጀምሩ።

የቅርንጫፍ ፕሮክሲዎች በዚያው ቀን መቀየር የለባቸውም። 6.0 ፕሮክሲ ለ7.0 ሰርቨር ንባብ መላኩን ይቀጥላል፣ አዲስ ኮንፊግ ግን አይቀበልም። ስለዚህ በየሳምንቱ አንድ ቅርንጫፍ መሻገር ይቻላል፤ እስከዚያ ድረስ በዚያ ቅርንጫፍ ላይ አዲስ ዕቃ አትጨምሩ። ፕሮክሲው ኤስኪውላይት የሚባለውን ትንሽ ዳታቤዝ የሚጠቀም ከሆነ ያልላከው ንባብ ከአፕግሬዱ ጋር ስለሚጠፋ መስመሩ ደህና በሆነበት ሰዓት፣ ወረፋው ባዶ መሆኑን አይታችሁ ሥሩት። የሂስትሪ መደበኛ ዕድሜም ከ90 ወደ 31 ቀን ወርዷል፤ አዲስ የምትሠሯቸው አይተሞች የሦስት ወር ዝርዝር እንዲይዙ ከፈለጋችሁ በእጅ ጻፉት።

መልእክቱ ለሰው እንዲነበብ

ቴሌግራም ላይ መልእክት ሳይደርስ ሲቀር መጀመሪያ የዕቃውን ስም ተመልከቱ። ስሙ ውስጥ የግርጌ ሰረዝ ካለና የጽሑፍ ዓይነቱ ማርክዳውን ከሆነ ቴሌግራም ሰረዙን የሰያፍ ምልክት አድርጎ ይወስደውና መዝጊያውን ሲያጣ መልእክቱን ይጥለዋል። ኤችቲኤምኤል አድርጉት፣ ወይም ስሞቹን በተራ ሰረዝ ጻፉ።

ሰዓቱንም ወደ እኛ አቆጣጠር መቀየር ይቻላል። ሰርቨሩ 17:40 ብሎ ሲጽፍ ዘበኛው 5:40 ይሁን 11:40 ግራ ይገባዋል። የቴሌግራሙ ስክሪፕት ውስጥ ሰዓቱ ላይ 6 ደምሩ፣ ለ12 አካፍሉ፣ ቀሪውን ውሰዱ፤ ቀሪው 0 ከሆነ 12 ጻፉ። 17 ሲደመር 6፣ 23፤ ቀሪው 11። ከ0 እስከ 5 «ሌሊት»፣ ከ6 እስከ 11 «ጠዋት»፣ ከ12 እስከ 17 «ቀን»፣ ከዚያ በኋላ «ማታ»። 02:13 ላይ የመጣው «ከሌሊቱ 8:13» ሆኖ ይደርሳል። የሰርቨሩን የሰዓት ቀጠና ግን አትነካኩ፤ የአዲስ አበባው ላይ ይቆይ፣ ለውጡ መልእክቱ ላይ ብቻ ይሁን።

ቴሌግራም በኢንተርኔት ነው የሚሄደው፤ የደብረ ብርሃኑ ዋና መስመር ሲቆረጥ መቆረጡን የሚነግረው መልእክት ራሱ አብሮ ታግቶ ይቀራል። ለዚያ አንድ ማንቂያ ብቻ ሰርቨሩ ላይ ሲም ካርድ የገባበት የጂኤስኤም ሞደም ሰክታችሁ በአጭር መልእክት ላኩ። የግዕዝ ፊደል በአንድ አጭር መልእክት 70 ብቻ ነው የሚገባው፤ ስለዚህ «ደብረ ብርሃን ዋናው ቢሮ የፋይበር መስመር ተቋርጧል» ከማለት «ደ/ብ ፋይበር ጠፋ 8:13 ሌሊት» በቂ ነው። ሲሙ ቀሪ ሂሳብ እንዳለውም በየወሩ አረጋግጡ።